ከኤዲንብራ ወጣ ብሎ ለመኖር፦ አምስት መንደሮች በንጽጽር

ኤዲንብራ መሀል ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዋጋው አይቀመስም። በነሐሴ ፌስቲቫሉ ሲመጣ፣ በመስከረም ደግሞ ተማሪው ሲገባ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ብዙ ሰው ዓይኑን ወደ ከተማው ዳር ይጥላል።

ችግሩ ዳር ያሉት መንደሮች ማስታወቂያ ላይ ሁሉም አንድ መምሰላቸው ነው። የድንጋይ ቤት፣ ለምለም ሜዳ፣ "ከመሀል ከተማ 20 ደቂቃ"። ያ 20 ደቂቃ በመኪና፣ ያውም እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት መሆኑን ግን ማንም አይነግራችሁም።

እዚህ አምስት መንደሮችን አያለሁ፦ ክራመንድ፣ ባለርኖ፣ ራቶ፣ ሮዝሊንና ኒውተንግሬንጅ። የሁሉንም ርቀት የምቆጥረው ከፕሪንስስ ስትሪት ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከመቅደላ የተዘረፈ ታቦት ተቀምጦ የተገኘበት፣ በ2002 ለኢትዮጵያ የተመለሰበት ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ለእኛ ሰው እንግዳ ቦታ አይደለም። ዓመተ ምሕረቱ እዚህ ጽሑፍ ላይ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መስፈርት ማታ መመለሻ ነው። ጠዋት ወደ ከተማ መሄጃ የትም አይጠፋም። ሆቴል፣ ምግብ ቤት ወይም የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ግን ከሥራ የሚወጣው በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 10 ወይም 11 ላይ ነው። መኪና ከሌላችሁ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት እዩ። የእሑድ ጠዋቱንም አትርሱ። ቅዳሴ ለመድረስ የሚፈልግ ሰው እሑድ መጓጓዣው ዘግይቶ እንደሚጀምርና ምልልሱም እንደሚሳሳ ማወቅ አለበት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ስኮትላንድ ውስጥ ከ5 እስከ 21 ዓመት ያለ ልጅ ከጥር 2022 ጀምሮ አውቶቡስ በነፃ ይሳፈራል። ካርዱን ማውጣት ብቻ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ያሉም እንዲሁ። ይህ ለአውቶቡስ እንጂ ለባቡር አይሠራም። ሦስት አራት ልጅ ላለው ቤተሰብ ጥሩ የአውቶቡስ መስመር ያለው መንደር ባቡር ካለው መንደር ሊበልጥ የሚችለው በዚህ የተነሳ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው። ልጁ የት እንደሚማር የሚወስነው አድራሻው ነው። እያንዳንዱ አድራሻ የተመደበለት አንደኛ ደረጃና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። አከራይ ወይም ኤጀንት "ጥሩ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው" ቢላችሁ ቅርብ መሆኑ ብቻውን ምንም አይጠቅምም። ፖስት ኮዱን ወስዳችሁ የካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ።

ሦስተኛው ከኪራዩ ጀርባ ያለው ወጪ ነው። ካውንስል ታክስ የሚባለው የመኖሪያ ቤት ግብር ከሀ እስከ ሸ እንደማለት በስምንት ደረጃ ይከፈላል፤ ደረጃው የሚወጣው ቤቱ በ1991 ባወጣው ዋጋ ግምት ነው። ስለዚህ ኪራያቸው እኩል የሆነ ሁለት ቤቶች ታክሳቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። የውሃና የፍሳሽ ክፍያም አብሮ ይመጣል። ብቻውን የሚኖር አዋቂ 25 በመቶ ይቀነስለታል። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆኑ ጨርሶ አይከፈልም።

ከዚያ ማሞቂያው አለ። የድሮ የድንጋይ ቤት ለፎቶ ያምራል፤ ክረምት ላይ ግን ብርዱ አጥንት ይገባል። ብዙዎቹ መንደሮች ታሪካዊ ይዞታቸው የተጠበቀ ስለሆነ መስኮት መቀየር እንኳ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ማስታወቂያው ላይ ያለውን የኃይል ብቃት ደረጃ ሳታዩ አትለፉ። ማሞቂያው በጋዝ ነው ወይስ በኤሌክትሪክ ብላችሁም ጠይቁ። በቅድሚያ እየተሞላ የሚሠራ ቆጣሪ ያለው ቤት ውስጥ ማሞቂያውም፣ ምጣዱም በኤሌክትሪክ ከሆኑ እንጀራ የተጋገረበት ቀን ሒሳቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ክራመንድ፦ ለእሑድ ሽርሽር

8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአምስቱም ቅርቡ፣ ከአምስቱም ውዱ። አልመንድ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ሮማውያን በ140ዎቹ ምሽግ ሠርተውበታል። በ1997 አንድ የጀልባ ሰው ከወንዙ ጭቃ ውስጥ ሰው የያዘች የድንጋይ አንበሳ አግኝቷል፤ አሁን ቻምበርስ ስትሪት ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ናት።

41 ቁጥር አውቶቡስ ከመሀል ከተማ ይወስዳችኋል። ቦታው ደስ ይላል፤ ቤቱ ግን በደሞዝተኛ አቅም የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ብዙም አልቆይበትም። ለሽርሽር ከሄዳችሁና ማዶ ወዳለችው ክራመንድ ደሴት በእግር ከተሻገራችሁ የባሕሩን መሙያ ሰዓት የሚናገረውን ሰሌዳ አንብቡ። ባሕሩ ሲሞላ መንገዱ ይሰጥማል፤ በነፍስ አድን ጀልባ የሚወጣ ሰው ብርቅ አይደለም።

ባለርኖ፦ ልጅ ላለው

13 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ፔንትላንድ ኮረብታዎች ሥር። አስተዳደሩ የኤዲንብራ ከተማ ነው። ሌሎቹ አራቱ የሌላቸው ነገር ቢኖር አንደኛ ደረጃውም ሁለተኛ ደረጃውም ያለ ግርግር በእግር የሚደረስ መሆኑ ነው። ለብዙ ወላጅ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቃል።

መጓጓዣው 44 ቁጥር አውቶቡስ ነው። በላናርክ ሮድ ከሪን፣ ጁኒፐር ግሪንን አቆራርጦ መሀል ከተማ ይገባል። መስመሩ አስተማማኝ ነው። ግን ላናርክ ሮድ አንድ ነው፤ ጠዋት ሁሉም መኪና እዚያው ላይ ይወጣል። 25 ደቂቃ የተባለው ጉዞ ወደ አንድ ሰዓት ሲጠጋ አትደንግጡ። ባቡር የለም። ድሮ ነበር፤ የመንገደኛው አገልግሎት በ1943 ቆመ። የሐዲዱ ቦታ አሁን የዎተር ኦፍ ሊዝ የእግር መንገድ አካል ሆኗል። ከባለርኖ ተነስቶ እስከ ሊዝ ወደብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል። ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ወደ ከተማ መውረዱ ደስታ ነው። መመለሱ ዳገት ነው፤ እሱን ካሁኑ እወቁት።

ሄሪዮት ዋት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወይም የሚሠራ ሰው ባለርኖን ወይም ጎረቤቷን ከሪን በቁም ነገር ቢያስብ ጥሩ ነው። የሪካርተን ግቢ እዚያው አካባቢ ነው። ከሪ ጎን ከሪሂል የሚባል የባቡር ጣቢያም አለ።

ጉዳቱ ምንድን ነው? ኪራይ የሚገኘው በጭንቅ ነው። አብዛኛው ቤት የቤተሰብ ቤት ነው፤ የገባ ቶሎ አይወጣም። ቦታው ከፍ ያለ ስለሆነ ከተማው ላይ ዝናብ ሲሆን እዚህ በረዶ የሚሆንበት ቀን አለ። ማኅበራዊ ኑሮውም ጸጥ ያለ ነው። ሰው ሰው ለሚለው ሰው፣ በተለይ ብቻውን ለሚኖር ወጣት፣ የታኅሣሥ ወር ይከብዳል። በዚያ ወር ፀሐይ በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 3፡40 ላይ ትጠልቃለች።

ራቶ፦ መኪና ካለ

ራቶም 13 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ወደ ምዕራብ። በ1822 የተከፈተው ዩኒየን ቦይ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ጀልባ፣ ዳክዬ፣ ድልድይ፣ ድልድዩ ጥግ መጠጥ ቤት። ፎቶው ይሸጣል። የድሮ የድንጋይ ካባ ውስጥ የተሠራው ትልቁ የቤት ውስጥ የተራራ መውጫ ማዕከልም እዚሁ ነው።

መጓጓዣው ግን የመንደሩ ነዋሪ የዓመታት እሮሮ ነው። እንደ ባለርኖ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ አውቶቡስ የለም። ቁጥሩም፣ ድርጅቱም፣ መንገዱም ሲቀያየር ኖሯል። ስለዚህ እዚህ ቁጥር አልጽፍላችሁም፤ የዛሬውን ፕሮግራም ራሳችሁ እዩ። መኪና ለሌለው ሰው ራቶን አልመክርም። ቁርጡን መናገር ይሻላል።

መኪና ላለው ነገሩ ይገለበጣል። አውራ ጎዳናው ቅርብ ነው፤ አየር ማረፊያውም እንዲሁ። አየር ማረፊያ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መነሳቱ ካልቀረ ከራቶ መነሳቱ ያዋጣዋል። ከተማ የሚሠራ ደግሞ መኪናውን ኢንግሊስተን የሚባለው ማቆሚያ በነፃ አቁሞ በትራም ይገባል። ይሄ ከሌላም ጣጣ ያድናል። ከሰኔ 2024 ጀምሮ መሀል ኤዲንብራ አሮጌ መኪና ይቀጣል። በጥቅሉ ከ2006 በፊት የተመዘገበ ቤንዚን፣ ከመስከረም 2015 በፊት የተመዘገበ ናፍጣ ከሆነ ሳትገቡ አረጋግጡ። የመጀመሪያው ቅጣት 60 ፓውንድ ነው፤ ሲደጋገም ይደራረባል።

አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መንደሩ ውስጥ አለ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ልጆቹ ባለርኖ ይሄዳሉ።

አንድ ማሳሰቢያ። ቤት ስትፈልጉ "ራቶ ስቴሽን" የሚል አድራሻ ይመጣባችኋል። ሌላ መንደር ነው፤ ከራቶ ወደ ሰሜን፣ ኒውብሪጅ አጠገብ። "ስቴሽን" ይባል እንጂ ባቡር የለውም። ጣቢያው በ1951 ተዘግቷል።

ሮዝሊን፦ እንስሳት ሕክምና ለሚማር

11 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ። እዚህ ካውንስሉ ይለወጣል፤ ሚድሎዚያን ነው። ሮዝሊን ትንሽ ናት፣ ስሟ ግን ትልቅ ነው። በ1446 የተጀመረው ሮስሊን ጸሎት ቤት ዓለምን ይጠራል፤ ቱሪስቱ በበጋ የመንደሩን ጠባብ መንገድ ይሞላዋል። በ1996 ዶሊ የተባለችው በግ በክሎኒንግ የተወለደችው እዚህ ነው።

በጓን ያስገኘው የምርምር ተቋም በ2011 ወደ ኢስተር ቡሽ ተዛውሯል፤ ከመንደሯ ብዙ አይርቅም። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም እዚያው ነው። ይሄ ለእኛ ሰው ባዶ ወሬ አይደለም። ተቋሙ በቆላ አገር የከብትና የዶሮ ዝርያ ላይ፣ አዲስ አበባ ግቢ ካለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር አብሮ ይሠራል። ለዶክትሬት ወይም ለምርምር ኢስተር ቡሽ የሚመጣ ሐበሻ ከተማ ውስጥ ውድ ክፍል ተከራይቶ በየቀኑ ወደ ውጭ ከሚመላለስ ሮዝሊንን ወይም አጠገቧ ያለችውን ቢልስተንን ይይ።

አውቶቡሱ 37 ቁጥር ነው። የሮዝሊን ቅርንጫፍ ውስጥ የሚገባውንና ቢልስተን አልፎ የሚሄደውን ለዩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መንደሯ ውስጥ የለም። ኪራይ ቤት ሲወጣ በጥቂቱ ነው፤ ተማሪ በቡድን የሚከራየው ትልቅ ቤት ብዙም አይገኝም።

ኒውተንግሬንጅ፦ ኪስ ለሚቆጥር

14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ እሷም ሚድሎዚያን። ማስታወቂያ ላይ ብዙም አታምርም። እኔ ግን ከአምስቱ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

የከሰል ማዕድን መንደር ነበረች። ሌዲ ቪክቶሪያ የሚባለው ጉድጓድ በ1890ዎቹ ተቆፍሮ በ1981 ተዘጋ፤ ግቢው ዛሬ የስኮትላንድ ብሔራዊ የማዕድን ሙዚየም ነው። ኩባንያው ለሠራተኞቹ የሠራቸው የጡብ ቤቶች አሁንም በተርታ ቆመዋል። የመንገዶቹ ስም እንኳ ቁጥር ብቻ ነው፦ አንደኛ መንገድ፣ ሁለተኛ መንገድ፣ እያለ እስከ አሥረኛ። ለእንግዳ አድራሻ መንገር ቀላል ነው። ዲን ታቨርን የሚባል መጠጥ ቤትም አለ፤ ትርፉ ወደ ግለሰብ ኪስ አይገባም፣ ለመንደሩ ሕዝብ ጥቅም ይውላል። በ1899 የተጀመረው አሠራር እስከ ዛሬ አለ።

ዋናው ነገር ግን ሁለት መጓጓዣ መኖሩ ነው። በ1969 የተዘጋው የባቡር መስመር በመስከረም 2015 እንደገና ተከፍቶ ኒውተንግሬንጅ ጣቢያ አግኝታለች። መሀል ከተማ ያለው ዌቨርሊ ጣቢያ ለመድረስ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው። ይሄኛው 20 ደቂቃ እውነተኛ ነው። ከመስከረም 2025 ጀምሮ ደግሞ የጠዋትና የማታ ተጨማሪ ታሪፍ ቀርቷል። ባቡር ከቀረ 29 ቁጥር አውቶቡስ አለ፤ ልጆች በነፃ ይሄዱበታል። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይደርሳል። ይህ ምቾት ሌሎቹ አራቱ ጋ የለም።

እንከኑንም ልንገራችሁ። መስመሩ በአብዛኛው ነጠላ ሐዲድ ነው፤ አንዱ ባቡር ከዘገየ ከፊት የሚመጣውም ይዘገያል። ሚድሎዚያን በስኮትላንድ ሕዝቡ በፍጥነት የጨመረበት አካባቢ ነው፤ ከ2011 እስከ 2022 በ16 በመቶ አድጓል። አዲስ ቤት በየሜዳው ተሠርቷል። ሐኪም ቤቱም ትምህርት ቤቱም ያን ያህል አልሰፋም። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የአካባቢው ጂፒ (የቤተሰብ ሐኪም) አዲስ ሰው ይመዘግብ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። የካውንስል ታክሱ ለአንድ ዓይነት ደረጃ ከኤዲንብራው ከፍ ይላል፤ ግን ቤቶቹ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ ስለሚወድቁ ልዩነቱ ይካካሳል። ቤት የሚገዛ ሰው ደግሞ የማዕድን ሪፖርት ሳያይ አይፈርም፤ ከመሬቱ ሥር ተቆፍሯል።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| መንደር | ካውንስል | ርቀት | ዋና መጓጓዣ | ሁለተኛ ደረጃ በእግር | ዋጋ ከአምስቱ ሲነጻጸር |
|---|---|---|---|---|---|
| ክራመንድ | ኤዲንብራ | 8 ኪ.ሜ | አውቶቡስ 41 | የለም | ከሁሉ ውድ |
| ባለርኖ | ኤዲንብራ | 13 ኪ.ሜ | አውቶቡስ 44 | አለ | ውድ |
| ራቶ | ኤዲንብራ | 13 ኪ.ሜ | መኪና፣ ከዚያ ትራም | የለም (ባለርኖ) | መካከለኛ ወደ ውድ |
| ሮዝሊን | ሚድሎዚያን | 11 ኪ.ሜ | አውቶቡስ 37 | የለም | መካከለኛ |
| ኒውተንግሬንጅ | ሚድሎዚያን | 14 ኪ.ሜ | ባቡር፣ አውቶቡስ 29 | አጎራባች ኒውባትል | ከሁሉ ረከስ ያለ |

ለማን የትኛው?

በፈረቃ የምትሠሩ፣ መኪና የሌላችሁ ከሆነ ኒውተንግሬንጅ። ሁለተኛ ምርጫችሁ ባለርኖ ይሁን፣ ኪራይ ከተገኘ።

ልጆቻችሁ አሥራ ሁለት ዓመት አካባቢ ደርሰው ሁለተኛ ደረጃ ሊገቡ ከሆነና ኪሳችሁ ከቻለ ባለርኖ። ልጆቹ ገና ሕፃናት ከሆኑ ግን ለዚያ ትምህርት ቤት ብላችሁ ካሁኑ ከፍተኛ ኪራይ መክፈሉ አይታየኝም።

ሁለት ሰው የሚሠራበት፣ ሁለት መኪና ያለው ቤት ራቶን ቢያይ አይከፋም። አንዱ ብቻ መኪና የሚነዳ ከሆነ ሌላው ቤት ውስጥ ታስሮ ይውላል፤ ብዙ ትዳር ላይ ጭቅጭቅ የሚያመጣ ጉዳይ ነው፣ አትናቁት።

ለተማሪ፣ የትምህርቱ ግቢ ይወስን። ሄሪዮት ዋት ከሆነ ባለርኖና ከሪ፣ ኢስተር ቡሽ ከሆነ ሮዝሊን። ግቢው መሀል ከተማ ከሆነ ደግሞ መንደር ምን ያደርግለታል? ከተማው ውስጥ ክፍል ተጋርቶ ቢኖር ይሻለዋል።

ጤፍ፣ በርበሬ፣ ቡና የትኛውም መንደር ውስጥ አትጠብቁ። ለእሱ ሊዝ ዎክ ወይም ኒኮልሰን ስትሪት መውረድ ግድ ነው።

ከመፈረም በፊት

ስኮትላንድ ውስጥ የግል ኪራይ ውል ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ የማብቂያ ቀን የለውም። ተከራይ ለመውጣት የ28 ቀን ማስታወቂያ ይሰጣል። ማስያዣ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ አከራዩም በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ፈቃድ ባለው የማስያዣ ጠባቂ ዘንድ ማስቀመጥ አለበት። "የወረቀት ሥራ"፣ "የማጣሪያ" እየተባለ ከኪራይና ከማስያዣ ሌላ የሚጠየቅ ገንዘብ ሕገወጥ ነው። ማስታወቂያው ላይ የአከራዩ የምዝገባ ቁጥር ከሌለ ጠይቁ፤ መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው።

ለሚገዛ ሰው ደግሞ፣ እዚህ ቤት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ "ከዚህ ዋጋ በላይ" ተብሎ ነው። የተጻፈው መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ሆም ሪፖርት የሚባለውን ሰነድ ሻጩ ያዘጋጃል፤ የባለሙያ ግምቱ እዚያ ውስጥ ስላለ እሱን ይዛችሁ አስሉ። ባንክ የሚያበድረው በግምቱ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ የጨመራችሁት ከራሳችሁ ኪስ ይወጣል። የግዢ ታክስ ከ145,000 ፓውንድ በላይ ባለው ላይ ይጀምራል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢ ደግሞ ከ175,000። ዋጋውን የሚያቀርብላችሁ ጠበቃ ነው፤ ስለዚህ ቤት ማየት ከመጀመራችሁ በፊት ጠበቃ ያዙ።